የራንኩልኮ ረግረግ ባዶ አልነበረም

የማውዪን ወንዝ ከባሕር በሚመጣው ሙላት ሳያብጥ ልሻገር ብዬ ወደ ጀልባዎቹ ስጣደፍ፣ ጭቃ የነካው ከባድ ቦርሳ ተሸክማ ከአውቶቡስ የወረደች ወጣት መንገዴን ዘጋችው። ይቅርታ ብዬ ላልፍ ስል፣ «መምህር ሊሳንድሮ፣ ተማሪዎን ረሱኝ?» አለችኝ።

ቀና ብዬ ባያት ኦርቴንሲያ ናት። አባቷን ባሕር ከወሰደው በኋላ አጎቷ ዶን አቤላርዶ ሚያኬን ያሳደጋት፣ በራንኩልኮ ትምህርት ቤት እኔ ፊደል ያስቆጠርኳት፣ ከመንደራችን ልጆች ሁሉ ዩኒቨርሲቲ በመግባት የመጀመሪያዋ የሆነችው ኦርቴንሲያ። ሳንቲያጎ ከሄደች ወዲህ የምትመጣው ለገና ብቻ ነበር። አሁን ግን የሚያዝያ ዝናብ ጀምሯል፤ ገና የለም።

«በደህና ነው የመጣሽው?» አልኳት።

«ዕረፍት ውሰጂ ተባልኩ» አለች። «ዕረፍት ያሉት፣ አፍሽን ዝጊ ለማለት ነው።»

በጀልባው ላይ ሆነን ነገሩን አጫወተችኝ። ኦርቴንሲያ የጥንት ሰው የተወውን ነገር ከመሬት ቆፍሮ ማጥናት ነው ሥራዋ። አለቃዋ ዶክተር ባስኩኛን በዚህ ትምህርት አገር ያከበራቸው ሽማግሌ ናቸው። ሰው የአሜሪካን አህጉር የረገጠው ከአሥራ ሦስት ሺህ ዓመት ወዲህ ነው፣ የመጣውም በሰሜን በኩል የድንጋይ ጦሩን ይዞ ነው፣ ደቡቡ የተያዘው ከሁሉ በኋላ ነው ብለው ያስተምራሉ። እሷ በአንድ ትልቅ ስብሰባ መካከል ተነሥታ፣ «ደቡቡን መቼ ቆፍረነው ነው ባዶ ነበር የምንለው?» ብላ ጠየቀቻቸው። የውጭ አገር እንግዶች እየሰሙ ነበር። ከሳምንት በኋላ ዕረፍቱ ተሰጣት።

«ይቅርታ ጠይቀሽ ብትመለሽስ?» አልኳት። የአስተማሪ ልማድ ሆኖብኝ ነው፤ ሰላም ሁልጊዜ ይቀድመኛል።

«ስለ ጠየቅኩ ነው ይቅርታ የምጠይቀው?» አለችኝና ፊቷን ወደ ውሃው መለሰች።

ማዶ ስንደርስ ዶን አቤላርዶ በበሬ ጋሪው ላይ ረጃጅም ጥቁር ቱቦዎች ይጭናል። የወንድሙን ልጅ ሲያይ ፊቱ ፈካ፤ ቆቡን አውልቆ ግንባሯን ሳማት። ሰላምታው ገና ሳያልቅ ግን እሷ ቱቦዎቹን አየች።

«ይሄ ለምንድን ነው፣ አጎቴ?»

«ለረግረጉ ነዋ። ቦዩን ግማሽ አድርሼዋለሁ። ውሃው ወደ ወንዙ ይወርዳል፣ መሬቱ ይደርቃል፣ እኔም ከመሞቴ በፊት የራሴ ግጦሽ ላይ የራሴን ላም አያለሁ።»

«ምን ያህል ጥልቅ ቆፈሩት?»

«ወገቤ ድረስ። ምነው፣ ልትቆፍሪልኝ ነው? የከተማ እጅሽን እይው እስቲ፤ ድንች የላጠም አይመስልም።»

እሷ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። ጋሪው ላይ ወጥታ ከቱቦዎቹ ጎን ተቀመጠች፤ እስከ ቤት ድረስ ስለ ረግረጉ ትጠይቀዋለች። ምን ዓይነት አፈር ወጣ? እንጨት ነበረበት ወይ? ዶን አቤላርዶ መጀመሪያ ይመልስ ነበር። ኋላ ግን በሬዎቹን ብቻ ማናገር ጀመረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር ይገባኛል። በራንኩልኮ ከረግረግ የወጣ ነገር ለረግረግ ይመለሳል። አጥንትም ይሁን እንጨት፣ ያገኘው ሰው ሳይናገር ይቀብረዋል። ሽማግሌዎቹ ሲጠየቁ፣ ያልተመለሰ ነገር ቤት ውስጥ በሽታ ያመጣል ይላሉ። እኔ ግን ሃያ ዓመት አብሬያቸው ኖሬ እንደ ተረዳሁት፣ የሚፈሩት በሽታውን ሳይሆን ወረቀት ይዞ የሚመጣውን እንግዳ ነው። ዝምታው አጥራቸው ነበር። አጥር ደግሞ እንግዳውን ሲያስቀር ባለቤቱንም ያሳውራል።

በማግስቱ ጠዋት ኦርቴንሲያ ጠርታኝ ወደ ቦዩ ወረድን። ካፊያ ነበር። ጥቁሩ የረግረግ አፈር እንደ ስፖንጅ ውሃ ይተፋል፤ ከሥሩ ደግሞ ግራጫ ጠጠር ይታያል። እሷ በጉልበቷ ተንበርክካ የቦዩን ግድግዳ በትንሽ ማንኪያ ስትጠርግ፣ ጥቁሩና ግራጫው በሚገናኙበት ላይ በአንድ በኩል የሾለ ችካል ብቅ አለ። እጇ ቆመ። ከዚያም በብሩሽ ጠረገችው። በችካሉ ወገብ ላይ ከደንገል የተገመደ ቀጭን ገመድ ተጠምጥሞ ነበር፤ ጫፉም ተቋጥሯል። ከአጠገቡ በክብ የተደረደሩ ድንጋዮች፣ በመካከላቸው ከሰል።

«መምህር» አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «ይህ ሁሉ ከረግረጉ ሥር ነው ያለው። ረግረጉ የበቀለው በላዩ ላይ ነው።»

ዶን አቤላርዶ በሬዎቹን እየነዳ ሲመጣ የሆነውን አየና አልተገረመም። ያ ነው እኔን ያስገረመኝ።

«ያውቁ ነበር» አለችው።

«በበጋ ጥርስ አገኘሁ» አለ፤ «ዳቦ የሚያህል መንጋጋ። መለስኩት። ይህንንም እመልሰዋለሁ። ውጪ ከዚያ።»

«ጥርሱ ዛሬ በምድር ላይ የሌለ የዝሆን ዘመድ ነው፣ አጎቴ። ይህን የመሰለ እንስሳ የበላ ሰው እዚህ እሳት አንድዶ ነበር ማለት ነው።»

«የበላው በልቷል። እኔ ደግሞ ላሜ ምን ትብላ ነው የምለው። ውጪ።»

ኦርቴንሲያ አልወጣችም። ጫማዋን አውልቃ ዳር አስቀመጠችና በቦዩ ውስጥ፣ በችካሉና በበሬዎቹ መካከል፣ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች።

«ከሸፈኑት ከእኔ ጋር ይሸፍኑት» አለች።

ዶን አቤላርዶ ቆሞ አያት። በዝናቡ ውስጥ ከበሬዎቹ ጀርባ እንፋሎት ይነሣል። እኔ መካከል ገብቼ ላስታርቅ ብዬ ነበር፤ ቃሌ ገና ሳይወጣ፣ ሚስቱ ዶኛ ኤርሲሊያ ሸራ በትከሻዋ፣ ትኩስ የድንች ቂጣና ማቴ የሚባለውን የቅጠል ሻይ በእጇ ይዛ መጣች። ሁሉንም ከመስኮት አይታ ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ከዚህች ልጅ ጋር እልህ ተጋብተህ መቼ አሸንፈህ ታውቃለህ?» አለችው። «ሸራውን ወጥርላትና ከሥሩ ተከራከሩ። ተጣልቶ ሳንባ መታመም ሞኝነት ነው።»

ሸራው ተወጠረ፤ ዶን አቤላርዶም እያጉረመረመ ከሥሩ ገባ። ማቴው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እኔ ክርክሩን እንደ ሰማሁት እጽፋለሁ፤ ብዙዎቻችን በልባችን የያዝነው ጥያቄ በዚያ ሸራ ሥር ተነሥቷልና።

«እሺ፣ ንገሪኝ» አለ ዶን አቤላርዶ። «የአያቴ የብር የደረት ጌጥ የት ነው ያለው?»

«ሳንቲያጎ፣ ቤተ መዘክር ውስጥ።»

«አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ። በመስተዋት ውስጥ ነው። ከሥሩ ‹ባለቤቱ ያልታወቀ› የሚል ተጽፎበታል።»

ዶኛ ኤርሲሊያ ማቴውን ከአፏ አራቀች።

«ለጥናት ነው፣ ይመለሳል ብለው ወሰዱት» አለ ዶን አቤላርዶ። «አባቴ ነው ከፈረስ ኮርቻ ላይ በእጁ የሰጣቸው። ባለቤቱ ያልታወቀ። አሁን አንቺ ደግሞ ይህን እንጨት ልትሰጫቸው ነው?»

«ልሰጣቸው ሳይሆን ላሳያቸው ነው፤ ይለያያል። ጌጡ ሲሄድ የማን እንደ ሆነ የጻፈ የለም። እናንተ ዝም አላችሁ፣ እነሱ እንደ ፈለጉ ጻፉ። ዝም ያለ ሰው ታሪኩን ሌላ ይጽፍለታል፣ አጎቴ። ይህ ግን ከተገኘበት ሳይነሣ ይለካል፣ ፎቶ ይነሣል፣ በማን መሬት እንደ ተገኘ ይመዘገባል። ከዚህ የሚወጣው ለምርመራ የሚሆን ቁንጣሪ ከሰል ብቻ ነው።»

«መንግሥትስ? አጥር ይዞ አይመጣም?»

«አልዋሽዎትም። ከመሬት የወጣ የጥንት ነገር በሕግ የመንግሥት ነው። መሬቱ ግን የእርስዎ ነው። ዕቃው የት ይቀመጥ ለሚለው እዚሁ ሆነን እንታገላለን። ደብቀነው ግን መታገል አንችልም።»

«ቆንጆ ወሬ ነው። አባቴም ቆንጆ ወሬ ሰምቶ ነበር።» ዶን አቤላርዶ ወደ እኔ ዞረ። «መምህር፣ እርስዎ አልነበሩም። እኛ የባሕር ዳር ሰዎች ነበርን። አባቴ ድንች እየነቀለ ሳለ ነው ቀያሹ ሰንሰለቱን እየጎተተ የመጣው። ቤታችን ይጨሳል፣ ውሻችን ይጮኽበታል፤ እሱ ካርታው ላይ ‹ባዶ መሬት› ብሎ ጻፈ። ወደዚህ ረግረግ የተገፋነው በዚያች ቃል ነው። ስለዚህ ስለ መሬት የሚጽፍ ሰው ወደ መሬቴ እንዲገባ አልፈልግም። የራሴ ልጅ ብትሆንም።»

«ዶክተሩ የሚናገሩት ቃል እኮ ያው ነው» አለች ኦርቴንሲያ። «ያ ቀያሽ ያኔ ባዶ ነበር አለ። እሳቸው ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ባዶ ነበር ይላሉ። የመምህር ሊሳንድሮ ተማሪዎች ከመጽሐፍ የሚያነቡት ይህንኑ ነው። ሰሜኑ ሰው ነበረበት፣ ደቡቡ ይጠብቅ ነበር። እርስዎ ደግሞ አሁን በበሬዎችዎ ሊያግዟቸው ነው። ይህን ሲሸፍኑ ልክ ናችሁ እያሏቸው ነው።»

ይህ አባባል ከበደው። ግን በቀላሉ የሚሸነፍ ሰው አልነበረም።

«የአባቴ ቤትና የስንት ሺህ ዓመት እንጨት ምን አገናኛቸው? ይህን ችካል ይዘሽ ዳኛ ፊት ብትቀርቢ ይስቅብሻል።»

«ይስቅብኛል። ለዳኛ አይሆንም።»

«እነዚህ ሰዎችስ የኛ ናቸው?»

«አላውቅም።»

«አላውቅም?» ዶን አቤላርዶ ሳቀ። «ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው አላውቅም ለማለት ነው?»

«አብዛኛውን ዓመት የጨረሰብኝ እሱን መማሩ ነው። ይህ እሳት የተነደደው እኛ ራሳችንን በዛሬ ስማችን መጥራት ከመጀመራችን በፊት ነው። በመካከሉ ስንት ሕዝብ እንደ መጣና እንደ ሄደ የሚያውቅ የለም። የኛ ናቸው ብዬ ብነግርዎት ደስ ይልዎታል፤ ግን እዋሻለሁ። የማውቀው ሰዎች እንደ ነበሩ ነው። ብርድ ስለ ነበረ እሳት አነደዱ፣ ነፋስ ስለ ነበረ ቤታቸውን በገመድ አሰሩ። ባዶ አልነበረም ለማለት ይህ ይበቃል።»

«ስንት ዓመት እንደ ሆነውስ በምን ታውቂያለሽ? የቆየ የሚመስል ጭቃ ሁሉ የቆየ አይደለም። እኔ ራሴ ሰባ ዓመቴ ነው፤ ሰው መቶ ይለኛል።»

«በከሰሉ ነው። ዛፍ በሕይወት ሳለ ከአየር የሚወስደው አንድ ነገር አለ። ሲቆረጥ መውሰዱን ያቆማል፤ የያዘውም በታወቀ ፍጥነት ቀስ እያለ ይቀንሳል። ምን ያህል እንደ ቀረ ለክቶ መቼ እንደ ሞተ ማወቅ ይቻላል። እርስዎ ጠዋት ምድጃውን ከፍተው ፍሙን አይተው፣ እሳቱ መቼ እንደ ተዳፈነ ያውቁ የለ?»

«ያ የኔ ዐይን ነው። ያንቺው ማሽን ነው።»

«ማሽን ሊሳሳት ይችላል፣ ከሰሉም ሊቆሽሽ ይችላል። ስለዚህ ለሁለት ቦታ ነው የምልከው፤ አንዱ ሌላውን ሳያውቅ። መልሱ ትናንት የነደደ ነው ካለ፣ እኔው ራሴ ቦዩን አብሬዎት እጨርሳለሁ።»

ዶን አቤላርዶ የድንች ቂጣውን ቆርሶ ለረጅም ጊዜ አላመጠ።

«ትጨርሻለሽ?»

«በዚህ በከተማ እጄ።»

«እንግዲያው መልሱ እስኪመጣ ቱቦው በበረቱ ይቆይ» አለ። «አምኜሽ አይደለም። ቦይ ስትቆፍሪ ማየት ስለምፈልግ ነው።»

በዚህ ተስማሙ። ኦርቴንሲያም ከሰሉን በጥንቃቄ አንሥታ፣ ቦዩን በሸራ ሸፍና ወደ ሳንቲያጎ ተመለሰች። ዕረፍቷ ገና አላለቀም ነበር፤ ግን ዕረፍት ላይ ያለ ሰው ከሰል አይላክ የሚል ሕግ የለም አለችኝ።

ያ ዓመት ደረቅ በጋ ያየንበት ነው። በጥር ከታች ያሉት መንደሮች ጉድጓዳቸው ተሟጦ ውሃ በመኪና ይመጣላቸው ነበር። የራንኩልኮ ጉድጓዶች ግን አልጎደሉም። ረግረጉ የክረምቱን ውሃ ይዞ ቀስ እያለ ያጠጣናል። ዶን አቤላርዶ ይህን አይቶ ለማንም አልተናገረም፤ ግን አንድ ጠዋት ቱቦዎቹን ከበረቱ አውጥቶ ለአንድ አሳ አጥማጅ በሦስት በግ ሲለውጥ አየሁት። ስለ ምርመራው ገና የተሰማ ነገር አልነበረም።

መልሱ የመጣው በዚያው ወር ነው። ኦርቴንሲያ ራሷ ይዛው መጣች፤ ብቻዋንም አልነበረችም። ሁለቱም ቦታዎች አንድ ዓይነት ነገር ነበር ያሉት፦ እሳቱ ከነደደ ከአሥራ አራት ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። ይህን ስትሰማ የመጀመሪያ ሥራዋ ወደ ዶክተር ባስኩኛን ቢሮ ገብታ፣ «መጥተው ይዩና ውሸት ነው ይበሉ» ማለት ነበር። ሽማግሌው ተነሥተው መጡ። ለዚህ ብቻ እንኳ አከብራቸዋለሁ።

ዶክተሩ ቀጠን ያሉ፣ ልብሳቸው ንጹሕ፣ ንግግራቸው የታረመ ሰው ነበሩ። በቦዩ ዳር ቆመው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና፣ ለስለስ ባለ ድምፅ እንዲህ አሉ፦ «ልጄ ኦርቴንሲያ፣ ሥራሽ ንጹሕ ነው። ነገር ግን እዚህ ውሃ ይፈስ ነበር። ውሃ አሮጌ ከሰል ከላይ አምጥቶ አዲስ እንጨት አጠገብ ሊያኖር ይችላል።»

«ሊያኖር ይችላል፣ ዶክተር። ግን ከላዩ ያለው ጥቁር አፈር አልተቆረጠም። ከረግረጉ በኋላ ምንም አልገባም።»

«ሰሜኑን ከደቡብ የሚለየው በረዶ በዚያን ጊዜ ገና አልቀለጠም። በየት መጡ?»

«ምናልባት በባሕሩ ዳር፣ በጀልባ። መንገዱን አላውቅም። መድረሳቸውን ግን አያለሁ። መንገዱ ስላልታወቀ መድረሳቸውን እንካድ?»

ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «እኔ በወጣትነቴ እንዳንቺ ነበርኩ» አሉ። «በሰሜኑ በረሃ ሠላሳ ሺህ ዓመቱ ነው ብዬ የተሟገትኩለት ከሰል ነበር። ተራ የሰደድ እሳት ሆኖ ተገኘ። በሕዝብ ፊት ተነሥተው ሲስቁብኝ የኔ መምህር አልተነሣልኝም። እንዲህ ያለ ቀን በአንቺ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም። ለስምሽ ስትይ፣ አሥራ ሦስት ሺህ ገደማ ነው በይና ይለፍ። እመኚኝ፣ በዚያን ዘመን ይህ ምድር ባዶ ነበር።»

ይህን ሲሉ ክፋት አልነበረባቸውም። ነገር ግን ዶን አቤላርዶ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አጥሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ‹ባዶ› የምትለዋን ቃል ሲሰማ ከአጥሩ ተላቀቀ።

«ጌታዬ» አለ፣ ቆቡን ሳያወልቅ፤ «ያቺን ቃል እዚህ ቤት እናውቃታለን። አባቴን ያስነሣችው እሷ ናት። እኔ የእርስዎን ትምህርት አልተማርኩም፤ ከሰሉ ስንት ዓመቱ እንደ ሆነ አልከራከርዎትም። ይህችን ልጅም ባምናት ይሻላል ብዬ እስከ ዛሬ አላሰብኩም ነበር። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ይህን መሬት ቆፍረው ያውቃሉ?»

«ይህንን? አይ፣ አላውቅም።»

«ይቆፍሩት እንግዲህ። በሬዬ አለ፣ አካፋዬ አለ፣ ሚስቴ ሾርባ ትሠራለች፣ አልጋም አለ። የፈለጉትን ቦታ ይምረጡ፤ እሷ ያልነካችውን። ቆፍረው ባዶ ሆኖ ካገኙት ባዶ ነው ይበሉ፤ እኔም ወንዙ ድረስ ሻንጣዎን ተሸክሜ እሸኝዎታለሁ። ሳይቆፍሩ ግን ያቺን ቃል ይዘው ከዚህ አይወጡም። የኔ መሬት ናት። ሁለተኛ ሳትታይ ባዶ አትባልም።»

ኦርቴንሲያ አጎቷን አየችው። ያን ፊቷን አልረሳውም።

ዶክተሩ ሊቆጡ ይችሉ ነበር፤ እንደዚህ የሚያናግራቸው ሰው ካጡ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። እሳቸው ግን ኮታቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ሰቀሉት፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡና፣ «እዚያ» ብለው ከቦዩ ራቅ ያለ፣ ሣር የበዛበት ቦታ አሳዩ።

ሳምንቱን ሙሉ ቆፈሩ። ኦርቴንሲያ ዳር ቆማ እጇን አላስገባችም፤ ኋላ እሷ አስቀመጠችው እንዳይባል። ዶክተሩ ጥቁሩን አፈር ቅጠል በቅጠል የሚገልጡ ይመስል በጥንቃቄ ይገልጡ ነበር፤ ዶን አቤላርዶ አፈሩን በቅርጫት ያወጣላቸዋል፣ ማታ ማታም ሾርባ ላይ ስለ ድንች ዘር ይከራከራሉ። ከጥቁሩ ሥር ወደ ግራጫው ጠጠር ሲደርሱ መጀመሪያ ምንም አልተገኘም። ዶን አቤላርዶ ፊቱ ጠቆረ። ግን ቁፋሮውን አላስቆመም። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ የዶክተሩ ማንኪያ እንጨት ነካ።

ሁላችንም ተጠጋን። የወደቀ ግንድ ነበር፤ በጎኑ ደግሞ እንደ ሌላው የሾለ ችካል፣ ግንዱም ከችካሉ ጋር በደንገል ገመድ ታስሯል። ገመዱ ሁለት ጊዜ ዞሮ ተቋጥሮ ነበር። ዶክተሩ በጉልበታቸው እንደ ተንበረከኩ ቀሩ።

ኦርቴንሲያ ከላይ ሆና፣ «ውሃው ይሆን ያሰረው፣ ዶክተር?» ብላ ጠየቀች። በድምፅዋ ፌዝ አልነበረም።

«ውሃ አያስርም» አሉ። ቆየት ብለውም፣ «ከሰል ሊታለል ይችላል። ይህን ግን እጅ ነው የቋጠረው» አሉ።

በዚያን ቀን ተሸነፍኩ አላሉም። ከእንጨቱ ጥቂት ስንጣሪ ወስደው እሳቸው ወደሚያምኑት ቦታ ላኩ። መልሱ ከኦርቴንሲያው ጋር ተቀራረበ። ከወራት በኋላ በዚያው ትልቅ ስብሰባ ላይ ቆመው፣ «ስለ ደቡቡ እስከ ዛሬ ያስተማርኩትን ሰርዙት። ባዶ ነበር ያልኩት ስላልቆፈርኩ ነው» ብለው ተቀመጡ። አንዳንዶቹ ሳቁባቸው። በዚህ ጊዜ ግን አጠገባቸው ተነሥታ የቆመች ተማሪ ነበረቻቸው።

ለውጡ ምን አመጣ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ረግረጉ ስላልደረቀ ጉድጓዶቻችን ውሃ አላጡም። በትምህርት ቤቱ ጎን የቆርቆሮ ጣሪያ ያላት ትንሽ ቤት ሠርተን፣ ከረግረጉ የወጣው ሁሉ በማን መሬት እንደ ተገኘ ተጽፎ እዚያ እንዲቀመጥ ከመንግሥት ጋር ተሟግተን አስፈቀድን፤ ገመዱ ብቻ እንዳይበሰብስ ተብሎ ቫልዲቪያ ከተማ ይጠበቃል፤ ለዚህም የዶን አቤላርዶ ስም ያለበት ደረሰኝ አለ። ጎረቤቶቹ የቀበሩትን ማውጣት ጀመሩ፤ አንዱ መጥረቢያ የመሰለ ድንጋይ፣ አንዷ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት አመጡ። ግማሹ የቅርብ ጊዜ ነገር ሆኖ ተገኘ፤ ማንም አላፈረበትም። ልጆቻችን ደግሞ መጽሐፉ ደቡቡን ‹ባዶ› የሚልበት ገጽ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን ያወጣሉ። ድሮ እጅ ሲያወጡ አስቀምጣቸው ነበር፤ አሁን እንዲናገሩ እለቃቸዋለሁ። የማያውቀውን አላውቅም የሚል፣ የሚያውቀውን ግን ማንም ቢቆጣ የማይውጥ ልጅ ማሳደግ ነው ትምህርት ማለት።

ባለፈው ዓመት ኦርቴንሲያ የራሷን ተማሪዎች ይዛ ስትመጣ፣ ዶን አቤላርዶ ከረግረጉ ዳር ግንድ ላይ ተቀምጦ ጠየቃት።

«ልጄ፣ አንድ ቀን ከነዚህ ልጆች አንዱ መጥቶ ሃያ ሺህ ዓመት ነው ቢልሽስ?»

«ልክ አይደለህም እለዋለሁ።»

«ወዲያው?»

ኦርቴንሲያ ጥቂት አሰበች። «ወዲያው ነው የምለው፣ አጎቴ። ያን ያህል ለፍቼበታለሁ፤ በቀላሉ አልለቅም።»

«ያኔ እኔ በሕይወት ካለሁ» አለ ዶን አቤላርዶ፣ «አካፋውን የማቀብለው ለሱ ነው።»